በዲሲ ለሚሠራ የሞዴል ባቡር ሎኮሞቲቭ የኤልኢዲ መብራት አገጣጠም

ተራ አምፖል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አይለይም፤ ከየትኛውም ጎን ቢሰጡት ይበራል። ኤልኢዲ (ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ዳዮድ) ግን የሚቀበለው ከአንድ ጎን ብቻ ነው። በዲሲ (በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ ኤሌክትሪክ) የሚሠራ የሞዴል ባቡር ደግሞ አቅጣጫ የሚቀይረው የሁለቱ ሐዲዶች ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቦታ ሲለዋወጡ ነው። ስለዚህ በትክክል የተገጠመ ኤልኢዲ ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ ከሐዲዱ ያውቃል፦ ወደፊት ሲሄድ የፊቱ፣ ወደኋላ ሲሄድ የኋላው ይበራል፤ ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ አያስፈልግም። ክፋቱ ያው ሐዲድ ፍጥነቱንም የሚወስን መሆኑ ነው። ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ካላገኘ አይበራም፤ ጥሩ ሞተር ደግሞ 2 ቮልት ላይ መንቀሳቀስ ሊጀምር ይችላል። ከታች ያለው ሥራ በሙሉ ከእነዚህ ሁለት ጠባዮች ጋር የሚደረግ ድርድር ነው።

መመሪያው ከ0 እስከ 12 ቮልት ዲሲ በሚሰጥ መቆጣጠሪያ፣ በሁለት ሐዲድ ላይ ለሚሄዱ ሎኮሞቲቮች ነው። ልኬቶቹ የተሰጡት ለኤችኦ ነው፤ ማለትም ለ1:87 ሞዴል፣ በሐዲዶቹ መካከል 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው። በኤሲ (አቅጣጫው በሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ለሚሠራው ባለ ሦስት መስመር የማርክሊን ባቡር አይሆንም። ዲሲሲ ለሚባለው ዲጂታል አሠራርም አይሆንም፤ እዚያ መብራቱን የሚያዘው ዲኮደር የሚባለው በሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለ ትእዛዝ ተቀባይ ነው።

ቦዲው ከመፈታቱ በፊት

ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉ፣ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ያዙሩ፣ ሁለቱን ሐዲዶች ይለኩ። አንዴ ባዶውን፣ አንዴ ሎኮሞቲቩ እየሄደ። «12 ቮልት» ተብሎ የተሸጠ መቆጣጠሪያ ሐዲዱ ባዶ ሲሆን 16 እና ከዚያም በላይ ሊያሳይ ይችላል። ከረንቱን የሚገታው ሬዚስተር የሚመረጠው በትልቁ ቁጥር ነው፤ በሳጥኑ ላይ በተጻፈው የሚያሰሉ ሰዎች ኤልኢዲ ቶሎ ቶሎ ይገዛሉ።

ቀጥሎ አቅጣጫውን ይፈትሹ። በተለመደው ደንብ መሠረት ሎኮሞቲቩ ወደፊት የሚሄደው በራሱ ቀኝ በኩል ያለው ሐዲድ ፖዘቲቭ ሲሆን ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ተፈቶ የተገጠመ ወይም ማግኔቱ የተገለበጠ ከሆነ ግን ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል። ያገኙትን በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ሽቦው የሚታሰረው በዚያ መሠረት ነው። ሞተሩ የሚንገዳገድ ወይም ጎማው የቆሸሸ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ፤ መብራት ከገባ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ይከብዳል።

የሚያስፈልገው

ለፊትና ለኋላ ሁለት ባለ 3 ሚሊ ሜትር ነጭ ኤልኢዲ (አራት አምስት ይግዙ፣ ርካሽ ነው፣ አንዱ መበላሸቱም አይቀርም)፤ የ1000 ኦም፣ ሩብ ዋት ሬዚስተር፣ ቀለበቶቹ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ፤ ለሙከራ ደግሞ 680 እና 2200 ኦም አንድ አንድ። ባለ ብዙ ክር ቀጭን ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር፣ እያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር። ቀዩን ለቀኝ ሐዲድ፣ ጥቁሩን ለግራ ሐዲድ ማድረግ በሞዴል ባቡር ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ይህንኑ ይከተሉ። ሲሞቅ የሚጨማደድ የ1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ካፕቶን የሚባለው ሙቀት የሚችል ናስትሮ፣ ሮዚን ያለበት 60/40 ሶልደር፣ ወረንጦ፣ ትንሽ ካቻቪቴ፣ ጥሩ ሞረድ፣ ጥቁርና ብርማ አክሪሊክ ቀለም፣ አንድ የ9 ቮልት ባትሪ። የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበትን አሲድ ያለበት የሶልደር ቅባት አያቅርቡ፤ ቀጭን ሽቦ በወራት ውስጥ ይበላል።

ስለ ነጩ ዓይነት አንድ ቃል። «ቀዝቃዛ ነጭ» የሚባለው ወደ ሰማያዊ ይወስዳል፤ በ1950ዎቹ ዲዝል ወይም በእንፋሎት ባቡር ግንባር ላይ ሲበራ የእጅ ባትሪ የተለጠፈበት ይመስላል። ለአሮጌ ሎኮሞቲቭ ከ2700 እስከ 3200 ኬልቪን ያለውን «ሞቃት ነጭ» ይምረጡ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውን የድሮውን የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1:87 ለመሥራት የሚያስብ ሰውም ቢሆን የሚያምርበት ይኸው ሞቃቱ ነው (ያ መስመር የ1 ሜትር ስፋት ስለነበረው በዚህ ልኬት የሚፈልገው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው)። ቀዝቃዛው የሚስማማው በእውነት ኤልኢዲ ለተገጠመላቸው ለዛሬዎቹ ሎኮሞቲቮች ነው። ቀዝቃዛውን ገዝተው ከሆነ ጫፉን በብርቱካናማ ግልጽ ቀለም በስሱ መቀባት ነገሩን በግማሽ ያስተካክላል።

ሬዚስተሩ ለምን 1000 ኦም ሆነ

ኤልኢዲ 3 ቮልት ካገኘ በኋላ ከረንቱን ራሱ አይገታም፤ ያለ ሬዚስተር ሐዲድ ላይ ቢያስሩት እጀታው ግማሽ ሳይደርስ ይቃጠላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከትልቁ ቮልቴጅ 3 ይቀንሱ፣ ለሬዚስተሩ ኦም ያካፍሉ። በ12 ቮልት 9 ቮልት ይቀራል፤ ለ1000 ሲካፈል 9 ሚሊ አምፒር። በ16 ቮልት 13 ሚሊ አምፒር። የተለመደው ኤልኢዲ ያለማቋረጥ የሚችለው 20 ስለሆነ ሁለቱም ደኅና ነው። ብዙዎች የሚያነሱት 470 ኦም በ12 ቮልት 19 ሚሊ አምፒር ይሰጣል፣ በ16 ቮልት ግን ወደ 28 ይዘላል። 680 ኦም የሚሆነው መቆጣጠሪያው ከ14 ቮልት እንደማያልፍ ለክተው ካረጋገጡ ብቻ ነው።

ሙቀቱንም ያስቡ። 1000 ኦም በ16 ቮልት 0.17 ዋት ያሞቃል። ሩብ ዋት የሆነው ባለ እግር ሬዚስተር ይሸከመዋል። 0805 የሚባለው ጥቃቅን የሬዚስተር ዓይነት ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለ0.125 ዋት ስለሆነ ይጠቁራል፤ ቦታ ከጠበበ 1206 የሚባለውን የሩብ ዋት ይጠቀሙ። በየትኛውም ቢሆን ሬዚስተሩ የፕላስቲኩን ቦዲ መንካት የለበትም።

ብርሃኑ ዓይን የሚወጋ ከሆነ ወደ 2200 ኦም ከፍ ይበሉ፤ በ12 ቮልት 4 ሚሊ አምፒር ይሆናል፣ ለዛሬ ኤልኢዲዎች ያ ብዙ ነው። ግን ሲሞክሩ በመካከለኛ ፍጥነት ይሞክሩ። በ6 ቮልት 1000 ኦም የሚሰጠው 3 ሚሊ አምፒር ብቻ ነው፤ ባቡሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደውም እዚያ አካባቢ ነው።

አንድ ሬዚስተር፣ ሁለት ኤልኢዲ

ኤልኢዲ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲመጣበት የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ነው። ባቡሩ ወደኋላ ሲሄድ የፊቱ ኤልኢዲ 12 ቮልት በተቃራኒ ይቀበላል ማለት ነው። አንዳንዱ ለወራት ይታገሣል፣ አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን ይሞታል። መፍትሔው ሁለቱን ኤልኢዲዎች አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች አድርጎ ጎን ለጎን ማሰር ነው፦ የፊቱ ረጅም እግር ከኋላው አጭር እግር ጋር፣ የፊቱ አጭር እግር ከኋላው ረጅም እግር ጋር። አንዱ መጋጠሚያ በሬዚስተሩ በኩል ወደ አንዱ ሐዲድ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ ሌላው ሐዲድ ይሄዳል። የበራው ኤልኢዲ በመካከላቸው ያለውን ቮልቴጅ 3 ላይ ስለሚይዘው የጠፋው ከ3 በላይ አይመጣበትም። ከዚህ የረከሰና የረቀቀ አሠራር የለም። የሚያስጠነቅቀው አንድ ነገር፣ አንዱ ከተቃጠለ ወይም ሽቦው ከተበጠሰ ሌላው ጠባቂ ያጣል፤ ስለዚህ የጠፋውን ሳይተኩ ብዙ አያሂዱ።

የፊት መብራት ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ የኋላውን ኤልኢዲ ቦታ 1ኤን4148 የሚባለው ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ይውሰድ፤ ጥቁር ቀለበቱ ወደ ኤልኢዲው ረጅም እግር ይዙር። ባቡሩ ወደኋላ ሲሄድ በዚህ አያያዝ ሬዚስተሩ በ16 ቮልት 0.23 ዋት ያሞቃል፣ ማለትም ሩብ ዋቱ ጫፍ ላይ ነው፤ የግማሽ ዋት ሬዚስተር ያድርጉበት። ዳዮዱን ከኤልኢዲው ጋር በተከታታይ ማሰርም ይቻላል፣ ሙቀት የለውም፣ ነገር ግን 0.7 ቮልት ይወስዳልና መብራቱ ይበልጥ ይዘገያል።

ግንባሩ ላይ ጎን ለጎን ሁለት መብራት ያለው ሎኮሞቲቭ ከሆነ ለእያንዳንዱ የራሱን 1000 ኦም ይስጡት። ሁለቱን በተከታታይ ቢያስሩ 6 ቮልት ሳይደርስ አይበሩም፤ በአንድ ሬዚስተር ጎን ለጎን ቢያስሩ ደግሞ አንዱ ደምቆ አንዱ ይፈዛል።

ሥራው

1. ቦዲውን ያውጡ። ብዙ አሮጌ የኤችኦ ዲዝሎች በጎን ባሉ ጥርሶች የተያዙ ናቸው። አተርን (Athearn) የሚባለው የአሜሪካ ሞዴል ሠሪ ኩባንያ በሰማያዊ ሳጥን ይሸጣቸው በነበሩት ላይ የመጎተቻ መንጠቆው ብረት ክዳን ቀድሞ መውጣት አለበት፤ ሳያወጡ ቢስቡ የፊተኛው የፕላስቲክ ከንፈር ይሰበራል።

2. ሻንሲው ኤሌክትሪክ ይይዝ እንደሆነ ይለዩ። ቴስተሩን ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ከሻንሲው፣ ሌላውን ከየጎማው ጋር ያገናኙ። በእነዚያ በሰማያዊ ሳጥኖቹ ውስጥ ብረቱ ሻንሲ ራሱ የአንዱ ሐዲድ ሽቦ ነው፤ የሌላው ሐዲድ ከሞተሩ በላይ ባለው ረጅም ብረት ቅጠል ይመጣል። የሞተሩ የታችኛው ካርቦን መያዣም ሻንሲውን የሚነካ ጥርስ አለው። በእንደዚህ ያለ ሎኮሞቲቭ የኤልኢዲው የተራቆተ እግር ሻንሲውን ቢነካ ሬዚስተሩን ዘሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ያ ማለት በአንድ ብልጭታ ማለቅ ነው። አዳዲሶቹ ሁለቱንም ሐዲድ በሽቦ ወደ ትንሽ ሰሌዳ ያመጣሉ፣ እነሱ ይቀላሉ።

3. አሮጌውን አምፖል ያውጡ፣ መያዣውን ግን አይጣሉ። ኤልኢዲው የሚቀመጥበት ሁለት ቦታ አለ፦ ቦዲው ውስጥ ከመስተዋቱ ጀርባ ተጣብቆ፣ ወይም አምፖሉ በነበረበት ሻንሲው ላይ። የሚሻለው ሻንሲው ላይ ነው። ቦዲው ያለ ሽቦ ነጻ ሆኖ ይወጣል ይገባል፣ ዘይት ለመቀባት በከፈቱ ቁጥር ሽቦ አይበጥሱም። ጥቃቅኑን የኤልኢዲ ዓይነት የሚጠቀሙ ከሆነ ብቻ ቦዲው ላይ ያጣብቁ፤ ያኔም ሽቦውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስተርፉ።

4. እያንዳንዱን ኤልኢዲ ከመግጠም በፊት በ9 ቮልት ባትሪና በ1000 ኦም ይሞክሩ። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው፤ እግሩ ከተቆረጠ ደግሞ ጠርዙ ጠፍጣፋ የሆነበት ጎን ኔጌቲቭ ነው። በጥቃቅኖቹ ላይ ያለውን አረንጓዴ ምልክት አይመኑ፣ እንደ ፋብሪካው ይለያያል።

5. ባለ 3 ሚሊ ሜትሩ ኤልኢዲ ክብ ጫፍ ብርሃኑን እንደ ቀጭን ጦር ወደፊት ይወረውራል። መስተዋቱ ሙሉ እንዲበራ ጫፉን በሞረድ ጠፍጣፋ ያድርጉ፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። ውስጡ የሚታየው ፀጉር የመሰለ ሽቦ ጋ ሳይደርሱ ያቁሙ። ከጎን የሚወጣውን ብርሃን ለማፈን ከፊቱ በቀር ዙሪያውን ጥቁር ቀብተው ያድርቁ።

6. እግሮቹን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያሳጥሩ። ሽቦውንና እግሩን ለየብቻ በሶልደር ካስነኩ በኋላ ያገናኙ፤ በ320 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ከ3 ሰከንድ ሳይበልጥ። በመጋጠሚያውና በኤልኢዲው መካከል እግሩን በወረንጦ ይያዙት፣ ሙቀቱን ወረንጦው ይውሰደው። ቱቦውን ከማገናኘትዎ በፊት ሽቦው ላይ ማስገባት አይርሱ፤ ሁሉም ሰው ይረሳል።

7. ከሻንሲው ኤሌክትሪክ መውሰድ ካለብዎ በቀጥታ ሶልደር ለማድረግ አይድከሙ። አብዛኛው ሻንሲ የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ሶልደር አይቀበልም፣ ትልቅ ብረት ስለሆነም ሙቀቱን ይውጠዋል። በ1.6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይብሱ፣ የኤም2 ጥርስ ያውጡለት፣ ሽቦውን በብሎን ይያዙት። ስትሰረስሩ የሚወጣው ብናኝ ወደ ሞተሩ ማግኔት አካባቢ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን በናስትሮ ይሸፍኑ።

8. ሽቦዎቹን በሻንሲው ጎን በካፕቶን ያስይዙ። ከጎማው ጋር የሚዞረው ቦጊ በሙሉ ጠመዝማዛ ላይ ሲታጠፍ ሽቦ እንደማይነካ በእጅ አዙረው ይዩ። የሞተሩን የሚሽከረከር ከባድ ጎማም እንዲሁ።

9. ቦዲውን ሳይገጥሙ ሐዲዱ ላይ ያውጡት። ወደፊት ሲሄድ የኋላው ከበራ ሁለቱን የሐዲድ ሽቦዎች ያለዋውጡ፣ ሌላ ጥፋት የለም። ለ10 ደቂቃ በሙሉ ፍጥነት ካስኬዱ በኋላ ሬዚስተሩን በጣት ይንኩ። ለብ ማለቱ ደኅና ነው፤ የሚያቃጥል ከሆነ የተሳሳተ ሬዚስተር ነው።

10. የቦዲውን ውስጥ ይቀቡ። መጀመሪያ ጥቁር፣ ሲደርቅ በላዩ ብርማ። ይህንን የሚዘሉ ሰዎች ማታ ክፍሉን ሲያጨልሙ የሎኮሞቲቩ አፍንጫ በሙሉ እንደ ፋኖስ ሲበራ ያገኙታል። ቢጫና ነጭ ፕላስቲክ ከሁሉ ይብሳል።

ቆሞም እንዲበራ ከተፈለገ

እስከዚህ ያለው አሠራር ባቡሩ ከጣቢያ ሲነሣ ጨለማ ነው፣ ሲፈጥን ይደምቃል። አንዳንዱ ሰው አይከፋውም። የሚከፋው ሰው ከሞተሩ ጋር በተከታታይ የዳዮድ ሰንሰለት ያስገባል። እያንዳንዱ የሲሊከን ዳዮድ 0.7 ቮልት ያህል ይይዛል። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እርስ በርስ የተገናኙበት አንድ ባለ አራት እግር የዳዮድ ድልድይ በሁለቱ የኤሲ እግሮቹ መካከል በሁለቱም አቅጣጫ 1.4 ቮልት ይይዛል፤ ሦስቱን በተከታታይ ሲያስሩ 4.2 ይሆናል። ከሐዲድ የሚመጣው ሽቦ በሦስቱ አልፎ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ሁለቱ ተገላብጠው የታሰሩት ኤልኢዲዎች ከ100 ኦም ሬዚስተር ጋር በሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች ላይ ይታሰራሉ፤ 1000 ኦሙ ይወጣል። ስሌቱ (4.2 ሲቀነስ 3) ለ100፣ ማለትም 12 ሚሊ አምፒር።

ሚስጥሩ እዚህ ነው። ቮልቴጁ 3 አካባቢ ሲደርስ ኤልኢዲው ጥቂት ሚሊ አምፒር በሞተሩ ጥቅል በኩል ያሳልፋል፣ ያ ሞተሩን አያንቀሳቅስም። እጀታውን ትንሽ ከፍተው ቢተዉት መብራቱ በርቶ ባቡሩ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ በላይ ያለው ቮልቴጅ ለሞተሩ ይሄዳል፤ የመብራቱ ድምቀትም በፍጥነት ብዙ አይለወጥም።

ዋጋው አለ። ከ12 ቮልት ውስጥ ሞተሩ የሚያገኘው 8 ያህል ነው፣ ትልቁ ፍጥነት በሲሶ ይቀንሳል። ለመንደር ውስጥ ባቡር ጉዳት የለውም፣ ፈጣን የመንገደኛ ባቡር ግን ይሰለቻል። የሞተሩ ከረንት በሙሉ በዳዮዶቹ ስለሚያልፍ በ0.3 አምፒር ከ1.2 ዋት በላይ ሙቀት ይወጣል፤ ሻንሲው ብረት ላይ በካፕቶን ለይተው ያስቀምጧቸው እንጂ ከቦዲው ጋር አያስጠጉ። የ1 አምፒር ድልድይ ለአብዛኛው አዲስ ሞተር ይበቃል፤ ሲያዝ ከአንድ አምፒር በላይ ለሚስብ አሮጌ ሞተር ባለ 3 አምፒር ይግዙ። ሁለት ሎኮሞቲቭ አንድ ላይ የሚጎትቱ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ላይ ሰንሰለቱ ይግባ። ያለበለዚያ አንዱ ቀድሞ ይነሣና ያልተነሣውን ይጎትተዋል፣ ማርሽ የሚበላውም እንዲህ ነው።

ሲበላሽ

መብራቱ የሚርገበገብ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኤልኢዲው አይደለም። የአምፖል ክር ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ግሎ ይቆያል፣ ኤልኢዲ ግን እያንዳንዱን መቋረጥ ያሳያል። ጎማውንና ሐዲዱን 90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጨርቅ ይጥረጉ። ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ የሚያጠራቅም) ጨምሮ ለማለስለስ የሚሞክር ሰው ይጠንቀቅ፦ ሐዲዱ ላይ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ስለሚለዋወጡ በቀጥታ የታሰረ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር አብጦ ሊፈነዳ ይችላል። ከዳዮድ ድልድይ በኋላ መሆን አለበት፤ ያኔ ደግሞ የአቅጣጫው ነገር ይቀራል።

ሁለቱም ኤልኢዲ በአንድ ጊዜ ደብዝዘው ከበሩ ሐዲዱ ላይ ያለው ንጹሕ ዲሲ አይደለም፤ ወይ የዲሲሲ ሐዲድ ነው፣ ወይ መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ማስተካከያ ተበላሽቷል። አንዱ ብቻ በሁለቱም አቅጣጫ ጨለማ ከሆነ በባትሪው ይሞክሩት፣ ወይ ተቃጥሏል ወይ ሽቦው ተበጥሷል። ቦዲው ሲወጣ በርቶ ሲገጠም የሚጠፋ ደግሞ አንድ እግር ሻንሲውን እየነካ ነው፤ ቱቦው አጥሮ የተራቆተ ሽቦ የቀረበትን ይፈልጉ። እጀታው ዜሮ ከሆነ በኋላ መብራቱ ለቅጽበት እየከሰመ ቢሄድ አይደንግጡ፤ ከባዱ ጎማ ሞተሩን እያዞረው ስለሆነ ለዚያች ቅጽበት ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።